ለፎቶግራፍ የተጠሩት ሦስቱ ወጣቶች

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የ25 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው በደሴ ከተማ ነው። ላለፉት አራት ዓመታት በሰፈራችን የክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አስተባባሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር የጀመርኩት ሥራ ስፈልግ ይጠቅመኛል ብዬ ለምስክር ወረቀቱ ነበር፤ እየቆየሁ ግን ሥራውን ራሱን ወደድኩት። የአቅመ ደካሞችን ቤት እናድሳለን፣ ለተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጣለን፣ ችግኝ እንተክላለን፣ አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞርን እንጠይቃለን።

ዘንድሮ አገልግሎቱ «ሁሉን አቀፍ» ይሁን ተብሎ ሲወሰን ሦስት ወጣቶችን እኔው ራሴ ሄጄ ጋበዝኩ። አንዱ መስማት የተሳነው የ22 ዓመት ወጣት ሲሆን በቀለም ቅብ ሥራ ይተዳደራል። ሁለተኛው ከገጠር መጥቶ ጎዳና ላይ እያደረ በሊስትሮ ሥራ የሚኖር የ17 ዓመት ልጅ ነው። ሦስተኛዋ ከሳውዲ ዐረቢያ ከተመለሰች ሁለት ዓመት የሆናት የ24 ዓመት ወጣት ናት፤ ጅዳ ውስጥ አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት አሮጊት ለአራት ዓመታት አስታማለች።

በመክፈቻው ዕለት ሦስቱም አዲስ ቲሸርት ለብሰው፣ ከፊት ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ እንዳሰብኩት አልሆነም። ቀለም ቀቢው በስብሰባ ላይ እኛ ስንነጋገርና ስንስቅ ፊታችንን እያየ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ በቤት እድሳቱም ጭቃ እንዲያቀብል ተደረገ እንጂ ብሩሽ አልተሰጠውም። ከስደት የተመለሰችው ወጣት አረጋውያን ቤት ስንሄድ ግቢ እንድትጠርግ ተመደበች። ሊስትሮው መታወቂያ ስለሌለው ስሙ በመዝገብ አልሰፈረም፤ እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስለማይደርስም ሁለት ጊዜ በሰው ፊት ተወቀሰ። በአራተኛው ሳምንት ሦስቱም ቀሩ። ሊስትሮውን መንገድ ላይ አግኝቼ ለምን እንደቀረ ስጠይቀው፣ ቀና ሳይል «ለፎቶግራፉ ከሆነ አሁንም እመጣለሁ፤ ለሥራው ግን መቼ ተጠራሁ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ጉዳዩን ለጓደኞቼ ባነሣ አንደኛው በቴሌግራም ቡድናችን ላይ «እነዚህ የሚረዱ ልጆች ናቸው፤ በሥራ ባናስቸግራቸው ይሻላል» ብሎ ጻፈ። ሌላው ለእነሱ የራሳቸው ቡድን ይቋቋምላቸው አለ። እኔ ነገር እንዳበዛሁ፣ ቡድኑንም እንደምከፋፍል የሚሰማቸው አሉ። አሁን የአንዲት እናት ቤት እድሳት ጀምረናል፤ ከጳጉሜን በፊት ማለቅ አለበት። ሦስቱን ዳግመኛ ልጥራቸው? ወይስ ዳግመኛ ማዋረድ ይሆንብኝ ይሆን? አንዳንዴ አስተባባሪነቱን ትቼ ልውጣ እላለሁ። እንደ ታላቅ እኅት ቢመክሩኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሀ. ነኝ፤ ከደሴ

ውድ እኅቴ ሀ.፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ዓይኔን የያዘው «የምመልስለት አጣሁ» የሚለው ቃልሽ ነው። ብዙ ሰው በአንቺ ቦታ ቢሆን መልስ አያጣም ነበር፤ «ጊዜ ስላልነበረን ነው»፣ «ደንቡ ስለማይፈቅድ ነው» ብሎ የልጁን ቅሬታ አለስልሶት ያልፋል። አንቺ ዝም ብለሽ ተቀብለሽዋል፤ ምክራችን ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ዝምታ ስለሆነ ስለ እሱ ራስሽን ባትወቅሺ ደስ ይለኛል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላውጋሽ። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት፣ በየትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበባት በተስፋፉበት ዘመን፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ የክበባችንም ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ቫይረሱ በደሙ ያለበት ወጣት ጋብዘን፣ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት ሜዳ ላይ ቆሞ ታሪኩን እንዲናገር አደረግን። ተማሪው አለቀሰ፣ መምህራኑ አመሰገኑ፣ እኛም ወጣቱን ወደ ክበባችን ክፍል ወስደን ሻይ ጋበዝነው። የእሱ ብርጭቆ ግን ከሌሎቹ ተለይቶ የተቀመጠ ነበር፤ የለየሁትም እኔ ነኝ። እንዳየ አውቃለሁ። ሻዩን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ስንጠራው አልመጣም። በቃለ ጉባኤያችን ላይ «ተጋባዡ ፈቃደኛ አልሆነም» ብዬ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ማኅበራት ሥራ ጀምረው ነበር። አባሎቻቸው መድረክ ላይ ታሪክ በመናገር ብቻ አልቆሙም፤ የታመመ ሰው ቤት እየገቡ ያስታምሙ፣ አዲስ ምርመራ ያደረገውን ያማክሩ፣ ሌላው ሊነካው የፈራውን ገላ ያጥቡ ነበር። እኔ ከአንድ ወጣት የፈለግሁት እንባ የሚያስመጣ ታሪክ ሲሆን፣ እነሱ የተፈላለጉት ለእጃቸው ሥራና ለእውቀታቸው ነበር። ይህን ልዩነት ለማስተዋል ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፤ አንቺ በአራት ሳምንት ደርሰሽበታል።

ጓደኛሽ በቴሌግራም የጻፈውን ቃል እስቲ ደግመን እናንብበው፦ «እነዚህ የሚረዱ ልጆች ናቸው።» ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ይህ ዐረፍተ ነገር ሁለት ሆኖ ይነበባል። «ረ» ጠብቃ ስትነበብ ልጆቹ እርዳታ ተቀባዮች ናቸው፤ ላልታ ስትነበብ ግን እርዳታ ሰጪዎች ናቸው። ጓደኛሽ አጥብቆ እንደጻፈው ግልጽ ነው፤ ያነበባችሁት ሁሉም አጥብቃችሁ እንዳነበባችሁትም እገምታለሁ። ሳታስቡት ነው፤ አራት ክረምት ሙሉ አንዱ ወገን ሁልጊዜ ሰጪ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ የቆየበት አሠራር ቃሉን በአንድ መንገድ ብቻ እንድታነቡት አስለምዷችኋል። ሦስቱ ወጣቶች የቀሩትም ሥራ ጠልተው አይመስለኝም። በጎ ፈቃደኛ ተብለው ተጠርተው እንደ ተረጂ ስለተስተናገዱ ነው።

ስለ ጓደኞችሽ ግን አንድ ቃል ልጨምር። ክፉዎች ናቸው ብለሽ አትደምድሚ። የክረምቱ ቡድን ለእነሱም ቢሆን ሰው የሚሆኑበት፣ በሰፈሩ ሽማግሌ ዘንድ በስማቸው የሚጠሩበት ቦታ ነው፤ አዲስ ሰው ሲገባ ያ ቦታ የሚጠብባቸው የሚመስላቸው ይኖራሉ። ከዚህ በላይ ደግሞ ማንም በግልጽ ያልተናገረው ስጋት ያለ ይመስለኛል፦ «ዕቃ ቢጠፋስ?» የሚለው። ይህን በደብዳቤሽ አልጻፍሽውም፤ ሆኖም ጎዳና ላይ የሚያድር ልጅ ሰው ቤት ይግባ ሲባል የማይታሰብበት ቦታ አላየሁም። ተሸፍኖ ከሚቆይ ወጥቶ መልስ ቢያገኝ ይሻላል። መልሱም ለሁሉም እኩል የሚሠራ ደንብ ነው፤ ማንኛችሁም፣ አስተባባሪዋ አንቺም ጭምር፣ ሰው ቤት ስትገቡ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፣ መዶሻና ሚስማሩን፣ አካፋና ብሩሹን ጠዋት ቆጥራችሁ በፊርማ ተረከቡ፣ ማታም ቆጥራችሁ መልሱ። እንዲህ ከሆነ አንድ መዶሻ በጠፋ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ ሊስትሮው አይዞርም። ልጁ ገና 17 ዓመቱ ስለሆነ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ መግባቱ ለእሱም ጥበቃ ነው።

አሁን ወደዚሁ ልጅ ልመለስ፤ ከሦስቱ ሁሉ በደንባችሁ የተጎዳው እሱ ነውና። እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለእናንተ ዕረፍት ነው። ለእሱ ግን ሰው ጫማውን አስጠርጎ ዘመድ ጥየቃ የሚወጣበት፣ የሳምንቱ ዋና ገበያ የሚቆምበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ክረምቱም ለተማሪ የዕረፍት ወቅት ቢሆንም ለሊስትሮ የጭቃ ወቅት ነው፤ ጭቃ ደግሞ እንጀራው ነው። እናንተ ሦስት ሰዓት ስትሰጡ የምትሰጡት ትርፍ ጊዜያችሁን ነው፤ እሱ ሦስት ሰዓት ሲሰጥ የሚሰጠው የዕለቱን ምሳና ምናልባትም እራቱን ነው። «በነፃ» የሚለው ቃል በሁለታችሁ ኪስ ውስጥ አንድ ዋጋ የለውም። እንግዲህ ዘግይቶ የመጣው ልጅ፣ በሰዓቱ ከደረሰው ተማሪ የበለጠ ሰጥቶ ሊሆን እንደሚችል አስበሽው ታውቂያለሽ? የተወቀሰው ግን እሱ ነው።

«ምሳና ትራንስፖርት ከከፈልነውማ በጎ ፈቃድነቱ ቀረ» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እንዲህ ለሚል ሰው ከአያቶቻችን ደቦ የተሻለ መልስ የለኝም። ገበሬ ለአጨዳ ደቦ ሲጠራ፣ እህል ውሃው ሳይሰናዳ ሰው አይጠራም፤ ጠላው ይጠመቃል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ የመጣው ሁሉ ጠግቦ ይመለሳል። ይህን ማንም የቀን ሠራተኛ ክፍያ ብሎት አያውቅም። በወንፈልም ቢሆን ዛሬ የአንተን ማሳ ያረመ ነገ የእኔን ያርማል፤ ጉልበት የተበደረ ጉልበት ይመልሳል። በባዶ ሆድ ውሎ በባዶ እጅ መመለስን የጽድቅ መለኪያ ያደረግነው የኛ ዘመን ሰዎች ነን። ስለዚህ ምሳውን አዘጋጁ፤ ግን ለሦስቱ ብቻ ተለይቶ አይሁን፤ ለሁሉም ይሁን። ለድሃው ብቻ የሚሰጥ ምሳ ያው የእኔ ብርጭቆ ነው። የባጃጅ ሒሳብም ለሩቅ ነዋሪ ሁሉ፣ ማንነቱ ሳይጠየቅ ይሸፈን። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ካልሽኝ፣ የሰፈራችሁን እድር ዳኛ ሄደሽ አነጋግሪ፤ ድስቱና ሳህኑ እዚያው አለ፤ ሽሮና እንጀራ ለማዋጣት ደግሞ የደሴ እናቶች እንደማያሳፍሩሽ እርግጠኛ ነኝ። ለመክፈቻው ዕለት ቲሸርት ያሳተመው ገንዘብ ስንት ምሳ ይሆን እንደነበርም አስሊው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይጠቅምሻል።

የመታወቂያውን ነገር ደግሞ ልብ ብለሽ ተመልከቺው። የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ነው፤ ልጁ 17 ዓመቱ ነው። በመዝገባችሁ ውስጥ የ16ና የ17 ዓመት ተማሪዎች ካሉ፣ የተመዘገቡት በትምህርት ቤት መታወቂያቸው መሆን አለበት። ስለዚህ ደንባችሁ ዕድሜውን ሳይሆን ትምህርት ቤት አለመግባቱን ነው የቀጣው። ነገ 18 ቢሞላውም ካደገበት ቀበሌ መሸኛ አምጣ፣ የቤት ቁጥርህን ንገረን ይባላል፤ ጎዳና ላይ ለሚያድር ልጅ የቤት ቁጥር ከየት ይመጣል? የአገሪቱ የወጣቶች ፖሊሲ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ወጣት ያለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሁሉ ነው፤ በዚያ መሠረት ልጁ ወጣት ነው፣ በእናንተ መዝገብ ግን የለም። ለምዝገባ የሚያስፈልጋችሁ ስሙ ከነአባቱ ስም፣ ዕድሜውና አንድ የሚያውቀው ሰው ምስክርነት ነው፤ ሁልጊዜ አጠገቡ የሚቀመጠው ባለ ሱቅ ወይም አንቺ ራስሽ ልትመሰክሩለት ትችላላችሁ። የምስክር ወረቀቱም በተገኘበት እሑድ ብዛት ሳይሆን በሠራው ሰዓት ድምር ይሰጥ፤ በሳምንቱ መካከል ከሰዓት በኋላ የሠራው ሁለት ሰዓትም ሁለት ሰዓት ነው። የምስክር ወረቀት ለአንቺ የሥራ መፈለጊያ ከሆነ፣ ምንም ወረቀት ለሌለው ልጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቺ።

ከሳውዲ ስለተመለሰችው ወጣት የጻፍሽውን ሳነብ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሣቅ ሳይቀድመኝ ኀዘን ያዘኝ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየስንት ሰዓቱ እንደሚገላበጥ፣ የመኝታ ቁስል ሲጀምር ቆዳው ምን እንደሚመስል፣ ሽማግሌን ሳያሳፍሩ ገላ እንዴት እንደሚታጠብ፣ መዋጥ ያቃተውን ሰው እንዴት አድርገው እንደሚያጎርሱት አራት ዓመት ሙሉ ሌት ተቀን ሠርታ የምታውቅ አንዲት ሰው በቡድናችሁ ውስጥ ነበረች፤ እናንተ ግን መጥረጊያ ሰጣችኋት። ያንን እውቀት በየትኛውም የግማሽ ቀን ሥልጠና አታገኙትም። እንደ እሷ ያሉ በየሰፈሩ አሉ፤ በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል፤ ወሎም ወደዚህ ስደት ብዙ ልጆቻቸውን ከላኩት አካባቢዎች አንዷ ናት። ሲመለሱ ሰፈሩ የሚጠይቃቸው ግን ወይ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ነው ወይ «ምን ደረሰብሽ?» ነው። አንቺ ሁለቱንም አትጠይቂያት። ስለ ሥራዋ ጠይቂያት፤ «አረጋውያኑን የምንጠይቅበትን መንገድ አይተሽዋል፤ ምን ብናሻሽል ይሻላል?» በያት። ከፈቀደች የአረጋውያን ክፍሉን እሷ ትምራ፤ ሌሎቹ ከእሷ ይማሩ። ማውራት ካልፈለገች ስለ ጅዳ አንዲት ቃል ሳትናገር መሥራት ትችላለች፤ የመግቢያ ዋጋዋ ታሪኳ አይደለም። ካሜራውንም ከዚያ ቤት አርቁት፤ ለእሷም ለታማሚዋም ሲባል።

ቀለም ቀቢውን በተመለከተ ነገሩ ቀላል ነው፤ ግን አልተሠራም። ሙያተኛ አላችሁ፤ ሙያውን ስጡት። የእናቲቱ ቤት ምርጊቱ አልቆ ሲደርቅ ኖራ ይሁን ቀለም፣ ስንት ቆርቆሮ ቀለም እንደሚበቃ እሱ ይወስን፤ ገንዘቡንም ይያዝ፣ ገዝቶ ደረሰኙን ያምጣ። ሰውን በገንዘብ ማመን ከብዙ ጭብጨባ ይበልጣል። ያንን የቴሌግራም መልእክት የጻፈውን ጓደኛሽን ደግሞ የእሱ ረዳት አድርጊው፤ ብሩሽ አያያዝ ሲማር የሚለወጥ ነገር እንዳለ አንቺም ታያለሽ። ጣሪያ ላይ ወይም መሰላል ላይ ስትሆኑ «ተጠንቀቅ!» ብሎ መጮህ ለእሱ ስለማይደርስ፣ ትከሻ መንካትም ሆነ መሰላሉን በእጅ መታ መታ ማድረግ፣ አንድ የማስጠንቀቂያ ምልክት አስቀድማችሁ ተስማሙ። ስብሰባችሁን ክብ ሠርታችሁ፣ ብርሃን ባለበት ተቀመጡ፤ በየተራ ተናገሩ፤ ስትስቁ ያሣቃችሁን ንገሩት። በጽሑፍ ብቻ እንግባባለን ብላችሁ ግን አትተማመኑ፤ ለብዙ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የመጀመሪያ ቋንቋቸው የምልክት ቋንቋ ነው፣ አማርኛ ጽሑፍ ሁለተኛ ነው። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም የምልክት ቋንቋን በቋንቋነቱ ይቆጥረዋል፤ እንግዲህ በቡድናችሁ ውስጥ ሁለት ቋንቋ አለ፣ አንዱን የማታውቁት እናንተ ናችሁ። ለትልልቅ ስብሰባ አስተርጓሚ ፈልጉ፤ በከተማችሁ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች የሚያስተምሩ መምህራንን መጠየቅ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ለዘወትሩ ግን በየስብሰባው መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ምልክት ቢያስተምራችሁ ደስ ይለው እንደሆነ ጠይቂው። ጠይቂው ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ቀለም ሊቀባ የመጣ ሰው መምህር የመሆን ግዴታ የለበትም።

እዚህ ላይ «ከባለቤቱ ያወቀ…» ብዬ ልተርትልሽ ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ተውኩት። የተረቱ መጨረሻ ቃል ራሱ፣ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራልንንና ሸክላ ሠርታ ድስት የምታቀርብልንን ሰው ከማዕድና ከጋብቻ ለማራቅ ስንጠቀምበት የኖርነው ስድብ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለሙያን በሙያው መሳደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል፤ ስድቡ ግን ዐዋጁን አልፎ ተረት ውስጥ ተደብቆ እስከ እኛ ደርሷል። ያመሰገንኩት ደቦም ቢሆን ማረሻውን የሠራውን ሰው ሁልጊዜ ከማዕዱ እኩል አላስቀመጠም። ተረቱን ትቼ ፍሬ ነገሩን ብቻ ልንገርሽ፦ ከላይ የዘረዘርኩልሽ ሁሉ የእኔ ግምት ነው፤ ስለ እሑድ ጠዋት፣ ስለ ብሩሹ፣ ስለ መጥረጊያው የሚያውቁት ሦስቱ ናቸው። ሊስትሮው ጠዋት ሳይሆን ማታ ይሻለኛል ሊልሽ ይችላል። ቀለም ቀቢው በሥራ ቀን ቀለም ሲቀባ ስለሚውል እሑድ ችግኝ መትከል ያምረው ይሆናል። ወጣቷም ሕመምተኛ ማየት ሰልችቷት ልጆችን ማስተማር ልትመርጥ ትችላለች። እነዚህ ሁሉ ትክክለኛ መልሶች ናቸው።

ከፊትሽ ስላሉት መንገዶች ሳስብ፣ የራሳቸው ቡድን ይቋቋምላቸው የሚለው ሐሳብ ከነጭራሹ ክፉ አይደለም። መስማት የተሳናቸው ወጣቶች በራሳቸው ቋንቋ፣ ከስደት የተመለሱ እኅቶች በራሳቸው ወግ የሚገናኙበት ቦታ ቢኖራቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ያንን የሚያቋቁሙት ሲሹ ራሳቸው እንጂ፣ እናንተ ከቡድናችሁ ለማራቅ የምትሰጧቸው ስጦታ መሆን የለበትም። አንድ ነገር ግን ከዚህ ሐሳብ ውሰጂ፤ በሃያና በሠላሳ ሰው መካከል አንድ ብቻውን የገባ ሰው እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ቀለም ቀቢው የሚግባባው አንድ ጓደኛውን፣ ሊስትሮውም አንድ የሥራ ባልደረባውን ይዞ ቢመጣ በሁለተኛው ሳምንት የመቅረት ዕድላቸው ይቀንሳል። አስተባባሪነቱን ለመተው ማሰብሽንም ተረድቻለሁ፤ ከደከመሽ ማረፍ መብትሽ ነው። ብቻ ዛሬ ብትወጪ መዝገቡም፣ የእሑዱም ሰዓት፣ መጥረጊያውም ባሉበት ይቀጥላሉ፤ ደንቡን የመለወጥ ሥልጣን ያለሽ ደግሞ አስተባባሪ ሆነሽ ሳለሽ ነው። እኔን ብትሰሚኝ ይህን አንድ ቤት ጨርሰሽ፣ ከዚያ በኋላ ወስኚ።

መጀመሪያ ግን በዚህ ሳምንት ሦስቱን አንድ በአንድ፣ እነሱ ባሉበት ቦታ ሄደሽ አግኚያቸው። ኮሚቴውን አስከትለሽ አትሂጂ። ለቀለም ቀቢው የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው፣ እሱ የሚያምነው ቢሆን፣ ይዘሽ ሂጂ። ሊስትሮው ዘንድ ስትሄጂ ደንበኛ እስኪያልቅለት ጠብቂ፤ ሥራውን አስቁመሽ ስለ ሥራ አታነጋግሪው። ይቅርታሽ አጭር ይሁን፦ «ጠርቼህ ሥራ አልሰጠሁህም፤ በሰው ፊት ስትወቀስም ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ማብራሪያ አታብዢበት። ከዚያ የሚመቻቸውን ሰዓትና የሚፈልጉትን ሥራ ጠይቂ፤ ያልተፈቀደልሽን ነገር ቃል አትግቢ። ፎቶግራፉ አሁንም ተለጥፎ ከሆነ ይነሣ ወይስ ይቆይ ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ይነሣ ካሉ በዚያው ዕለት አስነሺው።

ኮሚቴው ፊት ስትቀርቢ ደግሞ «ሁሉን አቀፍ» የሚለውን ቃል ባታነሺው ይሻላል፤ እስካሁን ያ ቃል ማንንም ምሳ አላበላም። ሦስት ውሳኔ ብቻ አቅርቢ፦ ምሳ ለሁሉም፣ የምስክር ወረቀት በሰዓት ድምር፣ ምዝገባ ያለ መታወቂያ በምስክር። ሦስቱም ለነባር አባሎችሽ ጭምር ይጠቅማሉ፤ ከሩቅ ሰፈር በእግሯ የምትመጣ፣ ለምሳ የሚተርፍ ሳንቲም የሌላት፣ ግን አፍራ የማትናገር ልጅ በቡድናችሁ ውስጥ አሁንም እንደማትጠፋ እጠረጥራለሁ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ካልተቀበሉሽ ምሳውን አስቀድሚ።

ቤታቸው የሚታደስላቸውን እናትም አትርሺ። እሳቸውም ጠብቆ በሚነበበው «የሚረዱ» ውስጥ ከገቡ ቆይተዋል። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ቀን ቡና ላፍላ ካሉ ማንም እንዳይከለክላቸው፤ ስኒው ለሁሉም ከአንድ ረከቦት ይነሣ።

ሦስቱም ወይም አንዳቸው አንመለስም ሊሉሽ ይችላሉ። የእኔ እንግዳ እንዳደረገው ሁሉ ይህም መብታቸው ነው። እንዲህ ካሉሽ በመዝገቡ ላይ «ፈቃደኛ አልሆኑም» ብለሽ አትጻፊ፤ ምን ብለው እንደቀሩ በራሳቸው ቃል ጻፊውና ለሚቀጥለው ክረምት አስተባባሪ አስረክቢ። ምን እንዳሉሽም ጻፊልኝ፤ እምቢ ካሉሽም ጭምር።